ከግሪሉ በፊት ጋዙን ይምረጡ፦ አገና ለሚያድር መንገደኛ የጋዝ ምድጃ አዘገጃጀት

መስከረም ሲጠባ በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ፣ በቡታጅራ መንገድ ወደ ሶዶና ወደ መስቃን የሚጎርፈውን መኪና ለጉራጌ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ለመስቀል አገሩ ያልገባ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። ከዚያ ሁሉ መኪና ከፊሉ በጉብሬና በእምድብር በኩል አድርጎ የእዣዋ ከተማ አገና ይደርሳል፤ ከዚያም ወደየመንደሩ ይበተናል።

የአባት ቤት ግን እንደ ቤተሰቡ ቁጥር አይሰፋም። የልጅ ልጅ ሲጨመር፣ አማች ሲመጣ፣ ከውጭ አገር የከረመ ወንድም ሲመለስ ድንኳን ይዞ የሚሄድ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ፍራሽ የሚያነጥፍ ወይም ጣሪያው ላይ ተዘርጊ ድንኳን ያስገጠመ መንገደኛ አለ። የቤቱ ምድጃ በዚያ ሰሞን ቆጮ ሲጋገርበት፣ ቅቤ ሲነጠርበት፣ ጎመን ሲቀቀልበት ውሎ ያድራል። ለልጆች ቁርስ፣ ለማለዳ ቡና፣ ለማታ ጥብስ የራሱን እሳት ይዞ የሄደ እንግዳ የቤቱን ሴቶች ድካም ይቀንሳል። የጋዝ ግሪል ለዚህ ዓይነተኛ ዕቃ ነው፤ በአግባቡ ከተመረጠና በአግባቡ ከተተከለ ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ግን የሚገዛው በግልባጩ ነው። መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ግሪል ዓይቶ ይወዳል፣ ይገዛል፤ ከዚያ ጋዝ ፍለጋ ይወጣል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። መጀመሪያ የትኛውን ጋዝ የት እንደሚያስሞሉ፣ ያ ጋዝ በደጋ ብርድ እንዴት እንደሚሠራ ይወቁ። ምድጃው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እንጨት በሞላበት አገር ጋዝ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው። በጉራጌ ባህር ዛፍ በየጓሮው ቢኖርም እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው፤ የደረቀው ቅጠል ደግሞ ባለው ዘይት የተነሳ ቶሎ ይቀጣጠላል። በመስከረም ዝናቡ ገና ጨርሶ ስለማይወጣ እንጨቱ ይረጥባል፣ ይጨሳል። ከሁሉ በላይ ድንኳን የሚተከልበት መሬት ብዙ ጊዜ ጀፎረ፣ ማለትም በመንደሩ ቤቶች መካከል ያለው የጋራ የሣር ጎዳና ነው፤ በጀፎረ ሣር ላይ ደግሞ ፍም አይበተንም።

ጋዙና ሲሊንደሩ

በአገራችን ገበያ ለመንገድ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት አማራጮች አሉ። አንደኛው እንደ ፍሊት ጣሳ ረዘም ያለ፣ 220 ግራም ገደማ ቡቴን የያዘ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ጣሳ ነው። ጣሳው በምድጃው ጎን ባለው ክዳን ውስጥ ይገባል፤ ምድጃውም ብዙውን ጊዜ ከላስቲክ ቦርሳው ጋር ይሸጣል። ሁለተኛው ተመልሶ የሚሞላው የብረት ሲሊንደር ነው፤ ባለ 3 ኪሎ፣ ባለ 6 ኪሎ፣ ለቤት ደግሞ ባለ 12.5 ኪሎ።

ምርጫው የሚወሰነው በሚያድሩት ሌሊት ብዛትና በሚበላው ሰው ቁጥር ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 12.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ 220 ግራም ያለው ጣሳ 2.2 ኪሎ ዋት የሆነ ምድጃ ላይ በሙሉ እሳት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይነድዳል። ቡና ለማፍላትና እንቁላል ለመጥበስ ይበቃል፤ ለአሥር ሰው ሥጋ ለመጥበስ ግን አይበቃም። ባለ 3 ኪሎው አንድ መካከለኛ በርነር በሙሉ እሳት ከ14 እስከ 15 ሰዓት ያነድዳል። ለአንድ ቤተሰብ የመስቀል ሰሞን ባለ 6 ኪሎው ሳይጨናነቁ ይወጡበታል፤ እኔ ብመርጥ እሱን እመርጣለሁ። ባለ 12.5 ኪሎውን ከቤት ነቅሎ መኪና ላይ መጫን ግን አልመክርም። ከባድ ነው፣ ሲወድቅ ጉዳቱ ብዙ ነው፣ ለሦስት ቀን ጉዞም ከሚገባው በላይ ነው።

ከአሜሪካ ግሪል ይዛችሁ ለምትመጡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እዚያ የሚሸጡት ትንንሽ ግሪሎች በአብዛኛው የሚሠሩት 465 ግራም ፕሮፔን በምትይዝ፣ በጥርስ በምትጠብቅ ትንሽ ጣሳ ነው። ያችን ጣሳ በአውሮፕላን ማምጣት አይቻልም፤ የምድጃ ጋዝ ያለበት ማንኛውም ዕቃ በእጅ ሻንጣም ሆነ በጭነት ሻንጣ ክልክል ነው። እዚህ ደርሶ እሷኑ መፈለግም ጊዜ ማባከን ነው። ግሪሉን ከማምጣትዎ በፊት አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሲሊንደሩን አፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት፤ በልኩ የተሠራ ማገናኛና ሬጉሌተር መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ግሪሉን እዚያው ተዉትና እዚህ የሚሠራውን ግዙ።

እዚህም ቢሆን የአንዱ ድርጅት ሲሊንደር አፍ ከሌላው ሬጉሌተር ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሩንና ሬጉሌተሩን አብረው፣ ከአንድ ቦታ ይግዙ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥም ገጥመው ይዩት። ሬጉሌተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ለቡቴን ምድጃ 28 ወይም 30 ሚሊባር፣ ለፕሮፔን 37 ሚሊባር ይላል፤ ምድጃው ላይ ከተለጠፈው ጋር መመሳሰል አለበት። ቁጥር የሌለው ሬጉሌተር አይግዙ። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው በእንግሊዝ ቁልፍ አስጨንቆ ያስገባውን ማገናኛም አይቀበሉ።

ሲሊንደር ሲቀበሉ አፉ ላይ ያለው እሽግ አለመከፈቱን፣ ታቹ አለመዛጉን፣ ሆዱ አለመጎድጎዱን ይመልከቱ። አንገቱ አካባቢ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል። ይመዝኑት፤ ከሚዛኑ ላይ ባዶውን ሲቀንሱ የቀረው ጋዝ ነው። ጋዙ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ ለብ ያለ ውኃ በጎኑ ላይ ያፍስሱና በእጅዎ ይዳስሱ። ቀዝቅዞ የሚሰማዎት ከፍታ የፈሳሹ ልክ ነው።

ትንሿን ጣሳ ከትልቅ ሲሊንደር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ይህን በፍጹም አያድርጉ፣ የተሞላም አይግዙ። ጣሳዋ ዳግም እንድትሞላ አልተሠራችም፤ ከመጠን በላይ የሞላ ፈሳሽ ሙቀት ሲያገኝ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል።

ደጋና ብርድ

አገና ደጋ ነው። ከአገና ወደ ቡታጅራ በኩል የሚታየው የዝቢዳር ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከፍታና ብርድ ምድጃን የሚፈትኑት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው።

ከፍታው የሚቀንሰው አየሩን ነው። 2,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። ምድጃው ግን በቀዳዳው የሚለቀው ጋዝ መጠን ብዙም አይለወጥም። ጋዙ በዝቶ አየሩ ሲያንስ እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱን ያጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። መፍትሔው የአየር ማስገቢያዋ ናት። በርነሩ ከጋዝ ማዞሪያው በሚገናኝበት ቦታ ላይ የምትዞር ትንሽ የቆርቆሮ ቀለበት ያለችው ግሪል ይምረጡ፤ ቢጫ ሲያዩ ቀለበቷን ከፈት ያደርጓታል። ቀለበት የሌለው ከሆነ እሳቱን ዝቅ አድርገው ይጠቀሙበት። አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች፣ እቤትዎ ደጅ ላይ ሰማያዊ የነደደ ምድጃ አገናም ላይ በአብዛኛው ይስማማዎታል። በዋሽንግተን ጓሮ የተፈተነ ግን እዚህ እንደገና መፈተን አለበት።

ብርዱ የሚነካው ጋዙን ነው። ፕሮፔን እስከ ዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ እየተነነ ይወጣል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ላይ ላዩን ሲያስቡት በእኛ አገር ዜሮ ዲግሪ የት ይገኛል ይባል ይሆናል። ጋዝ ሲተን ራሱን እንደሚያቀዘቅዝ ግን አይርሱ። ንጋት ላይ 6 ወይም 7 ዲግሪ የሆነ አየር ላይ ያደረ የቡቴን ጣሳ፣ ጥቂት ደቂቃ ከነደደ በኋላ በላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥርና እሳቱ ይልፈሰፈሳል። በመስከረም ይህ ብዙ አያስቸግርም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጭ በሚወርድበት ጊዜ ወደ ዝቢዳር ግርጌ ለሚወጣ ሰው ግን ቁርስ የሚያስቀር ጉዳይ ነው። በዚያ ወቅት የቡቴን ብቻ ጣሳ ይዘው አይሂዱ፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ይፈልጉ ወይም ሲሊንደር ይያዙ። ያለዎት የቡቴን ጣሳ ብቻ ከሆነ ሌሊቱን በጋቢ ጠቅልለው ያሳድሩት፣ ጠዋት ደግሞ እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለአፍታ ያቁሙት። ጣሳን እሳት ዳር አስጠግቶ ማሞቅ ሞት መጥራት ነው።

ሌላው የከፍታ ጠባይ በምግቡ ላይ የሚታየው ነው። 2,400 ሜትር ላይ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባቄላውና ሽንብራው የሚዘገየው ለዚህ ነው። ጥራጥሬ ከቤት ቀቅለው ይሂዱ። ፍርግርግ ላይ የሚጠበስ ሥጋ ግን ከመፍላት ጋር ጉዳይ የለውም፤ እሱን የሚያዘገየው ነፋስ ነው።

የትኛው ግሪል?

የጋዙ ነገር ከተወሰነ ግሪሉን መምረጥ አያስቸግርም። ለጉራጌ ጉዞ የምመክረው በአንድ ወገኑ ፍርግርግ ወይም ወፍራም የብረት ሰሌዳ፣ በሌላው ወገን ድስት የሚጣድበት ተራ በርነር ያለው ባለ ሁለት እሳት ነው። ግሪል ብቻ የሆነው ሥጋ ይጠብሳል፤ ግን ቡና አያፈላም፣ ለክትፎ ቅቤ አያቀልጥም። ተራ ምድጃ ብቻ የሆነው ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይሠራል፤ የበግ ጎድን ላይ ግን ይሸነፋል።

ጉልበቱን በወረቀቱ ላይ ያንብቡ። የአሜሪካ ዕቃ በቢቲዩ ይጽፋል፤ ለ3,412 ሲያካፍሉት ኪሎ ዋት ይሆናል። 10,000 ቢቲዩ የተባለው ወደ 2.9 ኪሎ ዋት ነው ማለት ነው። ለጥብስ ወገን ከ2.5 ኪሎ ዋት ያላነሰ ይሁን። ቁጥሩ ብቻ ግን አያታልልዎት፦ ሰፊ ፍርግርግ በትንሽ በርነር ሲሞቅ መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። በርነሩ የፍርግርጉን አብዛኛውን ርዝመት የሚሸፍን መሆኑን ክዳኑን አንሥተው ይዩ።

እግሩ አጭርና ሰፊ፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ ይሁን። ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ መከለያ የሚሆን ከሆነ በጣም ጥሩ። የስብ መቀበያው ሳህን ተስቦ የሚወጣ መሆን አለበት። በአዝራር የሚጫረው እሳት ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል፣ ጉም ሲመታው ግን ይሰንፋል። ስለዚህ ክብሪት በላስቲክ ጠቅልለው፣ ላይተርም ጨምረው ይያዙ።

አሁን ከሁሉ አጥብቄ የምናገረው ነገር። በጎኑ ጣሳ በሚገባበት ምድጃ ላይ ሰፊ ምጣድ በፍጹም አይጣዱ። ቆጮ ለማሞቅ ወይም እንጀራ ለመጋገር ሲባል ምድጃውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ምጣድ ሲጣድ ሙቀቱ ተመልሶ ወደ ጣሳው ክፍል ይወርዳል፤ ጣሳው ግፊቱ ጨምሮ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት እንደዚህ ዓይነት ምድጃ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ትልቅ ምጣድ መጣድም ያው ነው። የድስቱ ወይም የምጣዱ ጠርዝ ከጣሳው ክዳን በላይ ማለፍ የለበትም። ለምጣድ ሥራ በጎማ የተገናኘ፣ ሲሊንደሩ ርቆ የሚቀመጥ ምድጃ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከመነሳትዎ በፊት

ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ደጅ ላይ ገጣጥመው ያንድዱት። ጎማውን በእጅዎ አጥፈው ይዩ፤ ስንጥቅ ካለው፣ ከደረቀ ወይም ጫፉ ከላላ ይቀይሩት። ርዝመቱ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ይበቃል። በሁለቱም ጫፍ በብረት ማሰሪያ ይታሰር፤ ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር አይበቃም። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት መኖሯንና አለመቀደዷን ይመልከቱ፤ አብዛኛው የጋዝ ሽታ የሚመጣው ከእሷ ነው። አንድ ትርፍ ቀለበት በኪስዎ ቢኖር ወልቂጤ ድረስ አያስመልስዎትም።

ከዚያ የሳሙናውን ፍተሻ ያድርጉ። ኦሞ ወይም ፈሳሽ ሳሙና በውኃ በጥብጠው፣ የምድጃውን ማዞሪያዎች ዘግተው የሲሊንደሩን ብቻ ይክፈቱ። አረፋውን በስፖንጅ በየመገናኛው ይቀቡ። አረፋው ካበጠ ጋዝ ይወጣል፤ ይዝጉ፣ ያጥብቁ፣ ድጋሚ ይፈትሹ። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ክልክል ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሰማዎት የበሰበሰ እንቁላል ወይም ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ለጥንቃቄ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ትንሽም ብትሸትዎት አይናቋት።

ለመኪና ሲጭኑ ሬጉሌተሩን ይፍቱ፣ የሲሊንደሩን ክዳን ይመልሱ፣ ቀጥ አድርገው አቁመው በገመድ ይሰሩት። ሲሊንደር ተጋድሞ አይጓዝም፣ ተጋድሞም አይነድድም። ፒካፕ ካለዎት የኋላ ጭነቱ ላይ በሸራ ጥላ ሥር ይሁን፤ ሌላ መኪና ከሆነ መስኮት ትንሽ ከፈት ይበል፣ በመኪናው ውስጥ ማንም ሲጋራ አያጭስ። ቆመው ምሳ ሲበሉ ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተዉት። በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄዱ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ጋዝ ይዘው አውቶቡስ አይሳፈሩ።

በቡታጅራ መንገድ ከሄዱ ጢያ ላይ መቆምዎ አይቀርም። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ግቢ ውስጥ ግን ምድጃ አይወጣም፤ የመንገድ ምሳ ከቤት የተቋጠረ ይሁን። በጅማ መንገድ ከሄዱ ወልቂጤ የመጨረሻዋ ትልቅ ገበያ ናት። የጎደለ ካለ እዚያ ይሙሉት።

አገና ሲደርሱ

ድንኳኑንም ምድጃውንም ከመትከልዎ በፊት ይጠይቁ። ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ስብሰባ፣ የልጆች ጨዋታ፣ የከብት መተላለፊያ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ማንም የግሉ አያደርገውም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ በሚመራበት በቂጫ (በባህላዊ ሕግ) ሥርዓት የሚጠበቅ የጋራ መሬት ነውና፣ ከተማ ያደገ ልጅ የአያቴ ደጅ ነው ብሎ እንዳሻው የሚያነድድበት አይደለም። ለአባወራው፣ እሱ ከሌለ ለሰፈሩ ሽማግሌ፣ የት ማረፍ እንደሚቻል ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ወዲህ የተሻለ ቦታ ያሳዩዎታል።

ቦታው ከድንኳንና ከሣር ክዳን ቤት ይራቅ። ከድንኳን ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ከሣር ክዳን ከዚያ በላይ፤ ነፋሱ ብልጭታ ወደ ጣሪያ በማይወስድበት ወገን ይሁን። የእንሰቱ ረድፍ ጥሩ የነፋስ መከላከያ ነው፣ ግን አያስጠጉት፤ ከሥር ያለው ደረቅ ቅጠል ይነድዳል። መሬቱ የተስተካከለ ይሁን። ሣሩ እንዳይቃጠል ከግሪሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ያንጥፉ።

ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ ነው። ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ያመለጠ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ጎድጓዳ ቦታ ይወርድና ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩን ቦይ አጠገብ፣ ከመኪናው ሥር ወይም ከድንኳኑ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አያስቀምጡ። ጎማው እስከሚደርስ ድረስ ከእሳቱ ያርቁት፣ ነፋሱ እሳቱን ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገፋ ጎን ለጎን ያድርጉት። ጎማው ልጆች በማይረግጡት በኩል ይለፍ።

መንገዱ መኪናውን አንገጫግጮ መገናኛዎችን ስለሚያላላ የሳሙናውን ፍተሻ እዚህም ይድገሙት። ቤት ላይ ስለተፈተሸ አይዝለሉት።

አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ባልዲ አፈርና የመኪናዎ እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይሁኑ። የተቀጣጠለ ስብ ላይ ውኃ አይደፉ፤ ማዞሪያውን ዘግተው ክዳኑን ይድፉበት። እሳት ከጎማው ከተነሣ መጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጉ፤ መዝጋት ካልቻሉ ሰውን ያርቁ።

ማንደድና ማብሰል

ክዳኑ ተከፍቶ ይለኮስ፤ ተዘግቶ አይለኮስም። የሲሊንደሩን ቀስ አድርገው ይክፈቱ፣ ክብሪቱን በርነሩ ዳር ይያዙ፣ ከዚያ ማዞሪያውን ይክፈቱ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያያዘ ይዝጉና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ የወጣው ጋዝ በግሪሉ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑን፣ ዳር እስከ ዳር መንደዱን ይዩ።

ዝናብ ቢመጣ ግሪሉን ወደ ድንኳን፣ ወደ መኪና ወይም ወደ ቤት ውስጥ አያስገቡ። ሸራ ከፍ አድርጎ በአራት እንጨት መወጠር፣ አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ፣ ይበቃል። ሌሊት ለሙቀት ብሎ በድንኳን ውስጥ ምድጃ ማንደድ ቤተሰብ የሚጨርስ ነገር ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰውም አይነቃበትም። ለብርዱ ጋቢና ብርድ ልብስ አለ።

ለጥብስ ፍርግርጉ አሥር ደቂቃ ያህል ክዳኑ ተዘግቶ ይጋል፣ ከዚያ ግማሽ ሽንኩርት ትንሽ ዘይት ውስጥ ነክረው ይጥረጉበት። የበግ ጎድን መጀመሪያ በኃይለኛው እሳት በሁለቱም ወገን ይያዝ፣ ቀጥሎ እሳቱ ዝቅ ወዳለበት ወገን ይዛወር። ስቡ ሲንጠባጠብ ነበልባል ከተነሣ ሥጋውን እንጂ ማዞሪያውን አያሳድዱ፤ ወደ ጎን ይግፉት፣ ነበልባሉ ይበርዳል። ክትፎ ከግሪል ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፤ ቅቤው በተራው በርነር በዝቅተኛ እሳት ይቅለጥ፣ ለብለብ ለሚወድ ደግሞ በመጥበሻ ለአፍታ ይታሽ። ቆጮውን የብረት ሰሌዳው ላይ በኮባ ሸፍነው ቢያሞቁት ሳይደርቅ ይለሰልሳል።

ጀበና ጋዝ ላይ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ከታች ክብ ስለሆነች ሰፊ ፍርግርግ ላይ አትቆምም፤ ጠበብ ያለ የብረት መቀመጫ ይያዙላት፣ ከሥሯም ሙቀት የሚበትን የሽቦ ወንፊት ያድርጉ። ቀዝቃዛዋን ጀበና ኃይለኛ እሳት ላይ መጣድ ይሰነጥቃታል። በዝቅተኛ ጀምረው ስትሞቅ ይጨምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ የሚረሳ አለ። በጉራጌ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ ሥጋው ግን በየእምነቱ የታረደ ነው የሚበላው። አንድ ፍርግርግ ላይ የሁለቱን ሥጋ ጠብሶ ብሉ ማለት እንግዳን ማስጨነቅ ነው። ሁለተኛ ፍርግርግ መያዝ ከባድ አይደለም፣ በገበያም በርካሽ ይሠራል። የጾም ምግብ ለሚበላውም እንዲሁ የራሱ መጥበሻ ይኑረው። የቤቱ እመቤት ያቀረበችውን ሳይቀምሱ ግሪልዎን አያንድዱ፤ መጀመሪያ የእሷን ማዕድ ይብሉ፣ ከዚያ የእርስዎን እሳት ለእሷም ይዘርጉ።

ሲጨርሱ

መጀመሪያ የሚዘጋው የሲሊንደሩ ቫልቭ ነው። በጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ እሳቱ በራሱ ሲጠፋ ማዞሪያዎቹን ይዝጉ። ፍርግርጉ ገና ሙቅ ሳለ በእንጨት ይፋቅ፤ ሲበርድ ደግሞ በእንሰት ቃጫ ቢታሽ ጥርት ይላል። የሽቦ ብሩሽ ባይጠቀሙ ይመረጣል፣ የሚረግፈው ሽቦ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ስቡንና አጥንቱን እዚያው አይድፉ። ጅብ ሌሊት ሽታ ተከትሎ ይመጣል፣ ውሻም ጀፎረውን ሲያተራምስ ያድራል። የስብ መቀበያውን ሳህን ጉድጓድ ቆፍረው ያራግፉ ወይም አስረው ይውሰዱት፤ ግሪሉንም ደጅ አያሳድሩት። ያለቀ የጋዝ ጣሳ እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ለልጆች መጫወቻም አይተውም። ተሰብስቦ ከእርስዎ ጋር ይመለሳል።

ቤት ሲደርሱ ሲሊንደሩን ምድር ቤት ወይም መኝታ አጠገብ አያስቀምጡ። በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው፣ አየር በሚያልፍበት ቦታ ቆሞ ይቀመጥ። ጎማውን ሳያጥፉ ጠቅልለው፣ ሬጉሌተሩን አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ አስረው ከግሪሉ ጋር ያኑሩ። በሲሊንደሩ ላይ የቀረውን ክብደትና የተሞላበትን ቀን በወረቀት ጽፈው ይለጥፉበት።